«ተቀበል» ባዩ ሞልቷል፤ ለተቀባዩስ ማን ይክፈል?

አምና በገና ሰሞን ፈረስ ቤት ላይ ለአንድ ምሽት ኮሜዲያን ሆኜ ነበር። እስካሁን ያልጻፍኩት አፍሬ ነው። ግን አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሰው ግማሹ ስልኩን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ሲቀርጸኝ ስለነበር ሚስጥር ነው ማለት አይቻልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማችን ወጣቶች ለተቸገሩ ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ የጭውውት ምሽት አዘጋጁ። መግቢያው 50 ብር። ቀረጻ የለ፣ ኤዲቲንግ የለ፤ በቀጥታ፣ ሰው ፊት። አራት ጭውውት፣ በመሃል በመሃሉ ዘፈን፣ መጨረሻ ላይ እጣ። መድረኩን የሚመራው ግን «ታዋቂ ሰው» መሆን አለበት ተባለ። ፈረስ ቤት ላይ ታዋቂ ሰው ከየት ይምጣ? ከባሕር ዳር ዘፋኝ እናስመጣ ቢሉ ወጪው ከትኬቱ ገቢ በለጠ። መጨረሻ ላይ አንዱ «ያ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው ልጅ አለ አይደል?» አለ። እኔ ነኝ። ኢኮኖሚክስ ተመርቆ ስለ ዋጋ ንረት የሚጽፍ ልጅ። በሕይወቴ ሰው ያሳቅኩት በስህተት ብቻ ነው።

እሺ አልኩ። ፎቶዬ ፖስተር ላይ ወጣ። ሰው መጣ፤ አዳራሹ ሞላ።

ማይኩን ይዤ ስለ ድንች ገበያ አንድ ቀልድ ጀመርኩ። ቀልዱ ውስጥ «ኢላስቲሲቲ» የሚል ቃል ነበረበት። ከዚህ በላይ ባልነግራችሁ ይሻላል። ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንድ ልጅ ሲያስል ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ ሞንታርቦውም እሪ አለ። ሁለተኛ ቀልድ ሞከርኩ፣ ባሰ። የፈረስ ቤት ብርድ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን ጀርባዬ በላብ ረጥቦ ነበር።

ይኼኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነጠላ ያጣፋች አሮጊት ምርኩዟን እየተመረኮዘች ወጣች። ፕሮግራሙ ላይ የለችም። አራቱንም ጭውውት የጻፈችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ለሦስተኛው ጭውውት የተዘጋጀውን የአያት ልብስ ለብሳ ነው የወጣችው። ወገቧን ይዛ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፦ «የዘይት ዋጋና ያንተ ነገር አንድ ነው ልጄ፤ አንዴ ከወጣችሁ መውረድ አታውቁም!» አለች።

አዳራሹ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ምሽቱን ሙሉ የሷ የልጅ ልጅ ሆንኩ፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እደነግጣለሁ። ሰው ሆዱን ይዞ ወጣ።

ለአንድ ዓመት ያህል የከነከነኝ ነገር የመጣው ከዝግጅቱ በኋላ ነው። ኮሚቴው ለኔ በፖስታ 3,000 ብር ሰጠኝ፤ «ለትራንስፖርት» ብለው። ቤቴ ከአዳራሹ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ለእሷ አንድ ሚሪንዳና የምስክር ወረቀት ሰጧት። የምስክር ወረቀቱ ላይ ስሟ በስህተት ነው የተጻፈው።

ገንዘቡን ተቀበልኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለተቀበልኩት ነው።

ኒውዮርክ ላይ ያለው አዳራሽ

በቅርቡ ኔት ደህና የሆነበት አንድ ሌሊት፣ ዩቲዩብ ላይ አሜሪካኖቹ «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የሚሉትን ፕሮግራም ሳይ አደርኩ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1975 ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በኒውዮርክ ሰዓት ከምሽቱ 5፡30 በቀጥታ የሚተላለፍ የጭውውት ፕሮግራም ነው። ቋሚ ኮሜዲያኖች አሉት። መድረክ መሪው ግን በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ አንዳንዴም ኮሜዲ የሚባል ነገር ነክቶ የማያውቅ ዝነኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የፕሬዚዳንት ፎርድ ቃል አቀባይ የነበረው ሮን ኔሰን መርቶታል። በ1977 ደግሞ «ማንም ሰው መምራት ይችላል» ብለው ውድድር አወጡና የ80 ዓመት አያት አሸነፉ፤ ሚስኬል ስፒልማን ይባላሉ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መድረኩ ላይ ወጡ። እኛ ፈረስ ቤት ላይ አያት መስላ የወጣች ተማሪ ነበረችን፤ እነሱ ግን እውነተኛ አያት አምጥተዋል። ማይክል ጆርዳን በ1991 መርቷል። ኢሎን መስክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2021 መርቷል፤ እኛ ጋ እሑድ ጠዋት 12፡30 ላይ መሆኑ ነው።

የመስክን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በተለይ ስልካችሁ ላይ ክሪፕቶ የሞከራችሁ። ዶጅኮይን እ.ኤ.አ. በ2013 ለቀልድ ተብሎ የተፈጠረ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ፕሮግራሙ በሚተላለፍበት ቅዳሜ ዋጋው ከ70 የአሜሪካ ሳንቲም አልፎ ነበር። መስክ በአንዱ ጭውውት ላይ የፋይናንስ ባለሙያ ሆኖ ቀረበ። ዶጅኮይን ምንድነው እያሉ ደጋግመው ወጠሩት። መጨረሻ ላይ ታዲያ ማጭበርበሪያ ነው ማለት ነው ሲሉት፣ አዎ አላቸው። በሰዓታት ውስጥ ዋጋው ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። ዝነኛ ሰው ቀልድ ሲያወራ ቀልዱ ገበያ ድረስ እንደሚሄድ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

እኔን የገረመኝ ግን ዋጋው አይደለም። ሰውየው ቀልድ ሲናገር ከኔ ብዙም አይሻልም። እዚያው መድረክ ላይ አስፐርገር እንዳለበት ተናግሯል፤ ድምፁ ብዙ ከፍና ዝቅ እንደማይልም ቀልዶበታል። ታዲያ እኔ በሁለት ደቂቃ ስወድቅ እሱ ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቆመ?

መልሱ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ሰኞ ጸሐፊዎችና ተዋናዮች ከእንግዳው ጋር ተቀምጠው ሐሳብ ያወጣሉ። ማክሰኞ ሌሊቱን ሙሉ ይጽፋሉ። ረቡዕ 40 ገደማ ጭውውቶች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይነበቡና አብዛኞቹ ይወድቃሉ። ሐሙስና ዓርብ መድረኩ ይሠራል፣ ልምምድ ይደረጋል። ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተመልካች ፊት የመጨረሻው ልምምድ ይካሄዳል፤ ያላሳቀው ይቆረጣል። ከዚያ ነው 5፡30 ላይ ቀጥታ የሚገባው። እንግዳው የሚናገረው ሁሉ በትልልቅ ካርቶን ተጽፎ ከካሜራው ጎን ይያዝለታል። አይደለም መስክ፣ እኔም ብሆን ባልወደቅኩ።

የሚጽፉት ሰዎች ደግሞ ዝነኛውን ኮሜዲያን ለማድረግ አይለፉም። እሱ በሆነው ነገር ላይ ነው የሚሠሩት። ፔይተን ማኒንግ የሚባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች በጨዋነቱ የታወቀ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 መድረኩን ሲመራ ጸሐፊዎቹ ገለበጡት፦ ሕፃናትን ኳስ ሊያስተምር ወጥቶ እየጮኸባቸው ኳሱን በኃይል የሚወረውርባቸው ክፉ ሰው አደረጉት። ማኒንግ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊቱን ሳይለውጥ ኳስ መወርወር። እሱን ደግሞ ያውቅበታል። ሰው እስካሁን ያወራለታል።

የወደቀውስ? የካራቴው አክተር ስቲቨን ሲጋል እ.ኤ.አ. በ1991 መርቷል፤ ከሁሉም የከፋው መሪ ማን ነበር ሲባል እስከ ዛሬ ስሙ ይነሳል። ችግሩ ኮሜዲ አለማወቁ ብቻ አይመስለኝም። ያቺ የ80 ዓመት አያትም አያውቁም ነበር። ችግሩ በሱ እንዲቀለድ አለመፍቀዱ ነው።

ይህንን እኮ እናውቀዋለን

ሳስበው ሳስበው፣ ይህ ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል።

አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይዞራል። አንዱ ጠጪ፣ ሹፌር ሊሆን ይችላል፣ ነጋዴ፣ መምህር፣ ብርሌውን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይላል። ሁለት ስንኝ ይወረውራል። ሰውየው ገጣሚ አይደለም። ግማሽ ጊዜ ቤቱ አይመታም፣ ቃሉ ይበዛል። አዝማሪው ግን ይቀበለዋል፤ የበዛውን ያጥፋል፣ ያነሰውን ይሞላል፣ በዜማ ይመልሰዋል። ቤቱ ያጨበጭባል። ሰውየው ጥሩ ግጥም የተናገረ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል።

«ተቀበል» ባዩ የኒውዮርኩ እንግዳ መድረክ መሪ ነው። ዝናው፣ ሆዱ፣ ብሩ የሱ ነው። ጨዋታው ግን የሚቆመው በተቀባዩ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ኩሩ ሰው ይመጣና አዝማሪው መልሶ ሲወጋው ይቆጣል፤ ጨዋታው እዚያው ይሞታል። የኛም ሲጋል አለን ማለት ነው።

ስለዚህ «ኮሜዲ የማያውቅ ዝነኛ ለምን የኮሜዲ መድረክ ይመራል?» የሚለው ክርክር ብዙም አይመስጠኝም። ይምራ! የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚባለው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ራሱ የተጻፈው ሩሲያ ሄዶ መድፈኝነት በተማረ ወታደር ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ የገንዘብ ሚኒስትርም የሆኑት። አውሬዎችን እያናገሩ በሹማምንቱ ላይ ቀለዱ፣ ሹማምንቱም ተቆጥተው አሳገዱት። የኮሜዲ ታሪካችን የሚጀምረው «ይህ ሰው ኮሜዲያን አይደለም» ሊባል በሚችል ሰው ነው።

በተቃራኒው መንገድ የመጡም አሉን። አለባቸው ተካ ሰው ሲያስቅ የኖረ ኮሜዲያን ነበር፤ በኋላ «አለቤ ሾው»ን ይዞ ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ የሰውን ችግር በቁም ነገር አነሳ፤ ሕዝቡም ተቀበለው። ኮሜዲያን ቁም ነገር ሲያወራ ከተቀበልን፣ ቁም ነገረኛ ሲቀልድ የማንቀበልበት ምክንያት የለም።

ክርክሩ መሆን ያለበት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ተቀባዩ የት ነው? ማን ይከፍለዋል?

ፊትና ወረቀት

በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ክፈቱት። ዘፋኙ፣ አትሌቱ፣ አክተሩ ሐበሻ ልብስ ለብሶ፣ ቄጠማ ላይ ተቀምጦ፣ «እስቲ አንድ ቀልድ» ይባላል። በቃ፣ ያ ነው ስክሪፕቱ። ሰውየው ይደናገጣል፣ የሆነ ነገር ይላል፣ አጠገቡ ያሉት እንዳያፍር ብለው ይስቃሉ። በነጋታው እኛ ቲክቶክ ላይ ቆርጠን እንለጥፈዋለን፣ ኮሜንት ላይ እንቦጫጭቀዋለን። እኔም ለጥፌ አውቃለሁ። ግን ያንን ሰው ወረቀት ሳይሰጠው መድረክ ላይ ማን አወጣው ብሎ የጠየቀ ኮሜንት አላየሁም።

ኢኮኖሚክስ አንደኛ ዓመት ላይ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ተተኪ ዕቃ አለ፣ ተደጋጋፊ ዕቃ አለ። ሻይና ቡና ተተኪ ናቸው፤ የአንዱ ገበያ ሲሞቅ የሌላው ይቀዘቅዛል። ሻይና ስኳር ተደጋጋፊ ናቸው፤ ሻይ የሚጠጣ ሰው ሲበዛ ስኳርም ይሸጣል። ዝነኛና ኮሜዲያንም እንደዚሁ ናቸው፤ የቱ እንደሚሆኑ የምንወስነው እኛ ነን። ኒውዮርክ ላይ ተደጋጋፊ አድርገዋቸዋል፦ ዝነኛው ተመልካች ያመጣል፣ ተመልካቹ ማስታወቂያ ያመጣል፣ ማስታወቂያው የጸሐፊዎቹን ደመወዝ ይከፍላል። መስክ መጣ ማለት ለጸሐፊዎቹ ሥራ ተገኘ ማለት ነው።

እኛ ጋ ተተኪ አድርገናቸዋል። ዝነኛው ሲመጣ የኮሜዲያኑ ቦታ ይቀነሳል፤ የጸሐፊው ደግሞ መጀመሪያውኑ ቦታ የለውም። ስፖንሰሩ የሚገዛው ፊት ነው። ፊቱ ከተገዛ በኋላ ለወረቀት የሚተርፍ ብር የለም። ከዚያ ፕሮግራሙ ያንቀላፋል፣ ስፖንሰሩ «ኮሜዲ አያዋጣም» ይላል፣ በሚቀጥለው በዓል የበለጠ ዝነኛ ፊት ይፈለጋል።

«ያለ ዝነኛ ሰው አይመጣም» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ኮሚቴውም ያለኝ ይህንኑ ነው፤ ትክክል ናቸው። ፖስተሩ ላይ የኔ ፎቶ ባይኖር ያ አዳራሽ ላይሞላ ይችል ነበር። ግን በነጋታው ምን ሆነ? ቪዲዮው በቴሌግራም ዞረ፤ ኔት የሌለው በዜንደር ከስልክ ስልክ አሳለፈው። የዞረው ግን የኔ ድንች አይደለም። «አንዴ ከወጣችሁ መውረድ አታውቁም» የሚለው ነው። ፍኖተ ሰላም ያለ ጓደኛዬ ደውሎ የጠየቀኝ «ያቺ አሮጊት ማናት?» ብሎ ነው። ሰው ለኔ መጣ፣ ለእሷ ቆየ። ታዲያ ክፍያው ለምን ለመጡበት ብቻ ሆነ?

ይህ ለሳቅ ብቻ የሚነሳ ጥያቄ አይደለም። ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ፣ ፈረስ ቤትም ሆነ ቡሬ፣ ምሽቱን የምንገፋው ሚሞሪ ካርድ ላይ በተረፉ ጭውውቶች ነበር። የደረጀና ሀብቴን አንዱን ጭውውት ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። መስመሩን ከነትንፋሹ ሸምድደነው ነበር። ያኔ ማንም «ይህ ሰው ስንት ፎሎወር አለው?» አላለም። በደንብ የተሠራ ጭውውት ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅ ነው፤ ስንቅ ደግሞ አስቀድሞ ሊሠራ ግድ ይላል። ዛሬ ለሚጽፉት ካልከፈልን፣ ከ10 ዓመት በኋላ ሚሞሪ ካርዳችን ላይ የሚቀረው የዝነኞች መደናገጥ ብቻ ነው።

ጎጃም ውስጥ ቃል የሚያገላብጥ ልጅ ጠፍቶ አያውቅም። እረኛው እንካ ስላንቲያ ሲገጥም ያድራል፣ የቆሎ ተማሪው ቅኔ ሲዘርፍ ይውላል፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ የሚጽፉ ተማሪዎች ሞልተዋል። የጠፋው «ይህ ሥራ ነው፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው» የሚል ሰው ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ያቺን ልጅ መንገድ ላይ አገኘኋት። «ትጽፊያለሽ?» አልኳት። «ለማን ብዬ?» አለችኝ። ሳትቆጣ ነው ያለችው፤ እንዲያውም ፈገግ ብላለች። ያ ነው የባሰብኝ። ያኔ እሺ ያልኩት ለደብተሩ ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ፎቶዬ ፖስተር ላይ እንዲወጣም ፈልጌ ነበር፣ ፖስታውንም ስቀበል እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ሰሞኑን ኮሚቴው ለዘንድሮው ገና ደግሞ ደወለልኝ። ሦስት ነገር ጠየቅኩ። አንደኛ፣ ለጸሐፊዋ የሚከፈለው ከመድረክ መሪው ክፍያ በፊት በጀት ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ስሟ፣ ፊደሉ ሳይሳሳት፣ ፖስተሩ ላይ ከኔ እኩል ይውጣ። ሦስተኛ፣ አንድ ሳምንት ልምምድ ይኑር፤ የምታዘውም እሷ ትሁን። «እስቲ እንነጋገርበት» አሉኝ። እየተነጋገሩ ነው።

እናንተም በየከተማችሁ የምረቃ፣ የገቢ ማሰባሰቢያ፣ የበዓል መድረክ የምታዘጋጁ ካላችሁ ዝነኛ ጋብዙ፤ አልቃወምም። ከመጋበዛችሁ በፊት ግን ወረቀቱን የሚጽፈው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚከፈለው ወስኑ። ብሩ ለሁለቱም ካልበቃ ፊቱን ቀንሱ። ዝነኞችም ካላችሁ፣ «ና አስቀን» ስትባሉ «ማን ጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። በናንተ እንዲቀለድ ፍቀዱ። ከዚያ በኋላ መውደቅ ይከብዳል።

ባለፈው እሑድ ከ3,000ው ብር ግማሹን ይዤላት ሄድኩ። አንድ ዓመት ዘግይቷል፤ በዋጋ ንረቱ ሲሰላ ደግሞ ግማሽም አይደለም። ቆጠረችውና «ይሄ የምን ነው?» አለች። «የአያትነትሽ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ለዘንድሮው ላንተ የሚሆን አንድ ቦታ እጽፍልሃለሁ» አለችኝ።

«ምን ልሆን?»

«ምንም አትናገርም» አለች። «ዝም ብለህ ትቆማለህ።»